የሚወደቅበት ፍራሽ

ቡሬ ውስጥ «የኔታ ዝላይ» ቢባል የማያውቅ የለም። መሪጌታ አባት ኖሮት የስፖርት መምህር ሆኖ በመቅረቱ የወጣለት ስም ነው። አባቱ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ተቀብረዋል። ልጃቸው ባዬ ግን ዜማውን ከጅምሩ ትቶ አዲስ አበባ መምህራን ኮሌጅ ገባና ኳስና ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ተምሮ ተመለሰ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ «እኛስ ብንሆን በማኅሌት እንዘል የለም ወይ፤ የሱ ነገር ለማን እንደሚዘል አለማወቁ ነው እንጂ» አሉ ይባላል። ይህን የሚያወራው ራሱ ባዬ ነው። ድሮ እየሳቀ ነበር የሚያወራው።

እኔ በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ታሪክ አስተምር ነበር፤ ወዳጅነታችን ከዚያ የጀመረ ነው፤ ኋላ እኔም ቡሬ ገባሁ። ሌላው የስፖርት መምህር ኳስ ወርውሮላቸው ጥላ ሥር ሲቀመጥ ባዬ ከፍታ ዝላይ ያዘልል ነበር። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ፣ አግዳሚው ሸምበቆ፣ መውደቂያው በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ የጤፍ ጭድ። ከዚያ ሜዳ ተነሥተው ለክልል ውድድር የደረሱ ልጆች ነበሩ። ጭድ ግን ዕድሜ አለው። ክረምት ሲያልፍበት ከላይ ያው ይመስላል፤ ከሥር ረግጦ ይጠጥራል። ስለዚህ ባዬ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አዲሱ ጭድ ከአውድማ ሲነሣ፣ የከረጢቱን ሆድ አስገልብጦ ያስለውጥ ነበር።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ፣ አዲሱ ጤፍ ገና ሳይወቃ፣ ሰብለ ወደቀች።

ሰብለ የማንኩሳ ልጅ ናት። ቡሬ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ስንቋን ከእናቷ ዘንድ በየሳምንቱ የምታመላልስ፣ እግሯ ረጅም፣ ምላሷም ከእግሯ የማያንስ ተማሪ ነበረች። በጀርባ መዝለልን ባዬ ካስተማራቸው ሁሉ ፈጥና የያዘች እሷ ናት። ያን ቀን አግዳሚውን ሳትነካ አለፈች። ከዚያ በሁለት ከረጢት መሀል፣ መሬት በጠጠረበት ቦታ፣ በወገቧ አረፈች። ባዬ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳት፤ ከዚያም ባሕር ዳር። ከወገቧ በታች ያለው አካሏ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታዘዛትም።

በዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ምርቃታችን ሁሉ ወደ ላይ ነው፤ እደግ፣ ተመንደግ፣ ከፍ ከፍ በል እንላለን። ለመውደቅ ያለን እርግማን ብቻ ነው። የወጣ ሁሉ እንደሚወርድ እናውቃለን፤ የሚወርድበትን ስፍራ የሚያነጥፍ ሰው ግን አልሾምንም። ባዬ ከዚያ ወዲያ ይህን ሹመት ለራሱ ወሰደ። ቋሚዎቹን ነቅሎ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለማገዶ ሰጠ። ሩጫ ያሠለጥናል፣ መረብ ኳስ ያጫውታል፤ ከፍታ ዝላይ የሚባል ነገር ግን በስሙም አያነሣም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ መኪና ይዞ ማንኩሳ ይወርዳል። ሰብለ በር ላይ ሶላር ዘርግታ የሰፈሩን ስልክ ትሞላለች፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን መደርደሪያዋ በስልክ ይሞላል። ባዬ አጠገቧ ይቀመጣል። ስለ አየሩ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ሰው ጋብቻ ያወራሉ። ስለዚያ ቀን አያነሡም።

ዓመታት አለፉ። የሰብለ ታናሽ፣ ያምሮት፣ በተራዋ ቡሬ ገባች።

በእግር ከእህቷ ትበልጣለች፤ በምላስ ታንሳለች። ዝም ብላ የምታደርግ ዓይነት ልጅ ናት። አንድ ቀን ባዬ ወደ ሜዳው ሲመጣ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ገመድ በሁለት ዛፍ መሀል ተወጥሮ አየ። ከገመዱ ማዶ ቅጠል ተከምሯል። ያምሮት ከጎን ጎበጥ ብላ ሮጣ መጣችና ጀርባዋን ለገመዱ ሰጥታ አለፈች። ቅጠሉ ላይ ስትወድቅ የተሰማው ድምፅ ባዬን አስደነገጠው። ሮጦ አጠገቧ ደረሰ።

«ማን አስተማረሽ?» አላት ትንፋሹ ሲመለስ።

«ስልክ።»

«የማን ስልክ?»

«የሰው። ሰብለ ጋ ሊሞላ የመጣውን፣ ባለቤቱ እስኪወስደው ድረስ እያየሁ። አንዱ ቪዲዮ ከመሀል ሲደርስ ሰውየው መጣና ወሰደው።» ፈገግ አለች። «አወዳደቁን ሳላይ ቀረሁ።»

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ ደግሞ ተዘጋ። የአካባቢው ነገር እንደምታውቁት ነው፤ ተኩስ አለ። መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ ሁለት ሳምንት ዝግ። ኔትወርኩ እንደ ዝናብ ይመጣል፣ እንደ ዝናብ ይሄዳል። የያምሮት እኩዮች አንዷ ተዳረች፣ አንዷ አዲስ አበባ የሰው ቤት ገባች። ለያምሮት የቀረላት በር አንድ ነበር፤ ባሕር ዳር ያለ የአትሌቲክስ ክለብ በመጋቢት ምልመላ ያደርጋል። የተመረጠ ልጅ ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ይማራል፣ ይሠለጥናል። ክለቡ ከፍታ የምትዘል ሴት ልጅ ይፈልግ ነበር። ባዬ ይህን ሰምቶ ለብዙ ቀን አሰበበት። ኋላ ጀርመን አገር ወዳለ የድሮ ተማሪው ደወለ።

ክንፈሚካኤል ይባላል። በአንዲት ትንሽ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ይጠብቃል፣ ያጸዳል።

«ጋሼ፣ የጠየቁኝ ቀን ደግ ነው» አለው። «እዚህ ያለው ክለብ የዝላይ ፍራሹን ሊለውጥ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን ለስንት ዓመት ስንቱ ጀርመን ወድቆበት አንድም አልሞተ። ቋሚውንም አግዳሚውንም ይሰጡኛል። ጫማም እለምናለሁ።»

ስፖንጁ ሦስት ብሎክ ነበር፤ እያንዳንዱ አንድ ክፍል ቤት የሚሞላ፣ በሰማያዊ ሸራ የተለበጠ። ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ተጭኖ በመርከብ ጅቡቲ ሊገባ፣ ከዚያ በመኪና ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ደረቅ ወደብ ሊደርስ ሆነ። መርከቡ ተነሣ በተባለ እሑድ ባዬ እኔን አስከትሎ ማንኩሳ ሄደ፤ ለልጆቹ እናት ለሀብትነሽ ራሱ ሊነግራት ፈለገ።

«ፍራሽ ከጀርመን እየመጣልን ነው» አላት።

ሀብትነሽ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች። «የምን ፍራሽ?»

በእኛ አገር ቃሉ ከባድ ነው። ሰው ሲሞት የቤቱ ሰው ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ ለለቅሶ ይቀመጣል፤ «እገሌ ፍራሽ ላይ ነው» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

«የዝላይ ፍራሽ» አለ ባዬ፣ ቶሎ ብሎ። «ያምሮት የምትወድቅበት። አይጎዳም፣ እንደ ደመና ነው።»

«አያ ባዬ፣ እዚህ ቤት ፍራሽ ሲሉ ደስ አይለኝም።»

ሰብለ ከውስጥ ከአልጋዋ፣ «እናቴ፣ እኔም እኮ ስንት ዓመቴ ፍራሽ ላይ። ማን ሞተ?» አለች።

ሀብትነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «አንቱ፣ አንዷን ሰጥቻለሁ» አለችው፤ «ሁለተኛዋንም አምጪ እንዳይሉኝ።»

«ያ ፍራሽ ካልመጣ በጀርባዋ አላስወድቃትም።»

«በማን ስም?»

«በሚካኤል።»

ያምሮት በሩ ደፍ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። መሐላው በእሷ ላይ የተማለ መሆኑን ያን ጊዜ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ዕቃው ደረቅ ወደብ በገባ ጊዜ ትራንዚተሯ ደወለች። ሜላት ትባላለች፤ ክንፈሚካኤል በሰው በሰው ያገኛት፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የምታስጨርስ ቀልጣፋ ልጅ። ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ መጠየቅ አለበት አለች። መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ጠብቀን ሁለታችን ተነሣን። ዓባይን እስክንሻገር አውቶቡሱ በየኬላው ቆመ። በየኬላው ውረዱ ይባላል፤ በየኬላው ያው ጥያቄ ነው፤ «መሣሪያ የያዘ አለ?» ሽማግሌ ነንና አይፈትሹንም፤ ግን ይጠይቁናል። ባዬም በየኬላው ሁለት እጁን ከጋቢው አውጥቶ፣ «የለም ልጄ፣ መሣሪያ የሚባል የለንም» ይላል። ከአንዱ ኬላ ስንነሣ ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ባትጠየቁም እየመለሳችሁ ነው እኮ» ብሎ አሳቀብን። እውነቱን ነበር። ባዬ ወታደር ባየ ቁጥር አፉ ቀድሞ ይከፈት ነበር።

ሜላት ደረቅ ወደቡ በር ላይ ተቀበለችን። ወረቀቱን ለባዬ አሳየችው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። እዚህ የተጻፈው የስፖርት መሣሪያ ተብሎ ነው። ከጠየቁዎት ይህችኑ ብቻ ይበሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩ፤ አይግለጹ፣ አያብራሩ።»

«የስፖርት መሣሪያ» አለ ባዬ።

«በቃ። እንደሱ።»

የጉምሩኩ ፈታሽ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን። ይህን የምጽፈው ልጁ ክፉ እንዳልነበረ እንዲታወቅለት ነው። ወረቀቱን አገላበጠ።

«ከየት ነው የመጡት አባት?»

«ከቡሬ።»

«ቡሬ…»

«ጎጃም።»

«አሃ።»

ያ «አሃ» ምንም አልነበረበትም። ሰው የማያውቀውን ከተማ በካርታው ላይ ሲያገኝ የሚለው ነው። ባዬ ግን ተለወጠ፤ ትከሻው ሲነሣ አየሁት።

«የስፖርት መሣሪያ ይላል» አለ ፈታሹ ወደ ወረቀቱ እያየ። «ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?»

«ኧረ መሣሪያስ የለበትም ልጄ» አለ ባዬ። እጆቹ ከጋቢው ወጡ። «ፍራሽ ነው። አሮጌ ፍራሽ።»

ሜላት ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተችና፣ «ማረፊያ ማለታቸው ነው፤ የስፖርት ማረፊያ» አለች።

«ባለቤቱ ፍራሽ ነው እያሉ ነው እኮ ሜላት። ያገለገለ ነው አባት?»

ባዬ እዚህ ላይ እንኳ ሊድን ይችል ነበር። ግን የመሪጌታ ልጅ ነው፤ የተሰጠውን ስጦታ ሰው ፊት ከፍ አድርጎ መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ። «ያገለገለ ነው እንጂ፤ አዲስማ ማን ይሰጠናል» አለ። «ስንቱ ተንከባሎበታል።»

ፈታሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያገለገለ ፍራሽ አይገባም። የጤና ጉዳይ ነው፤ ተባይ አለ፣ በሽታ አለ። እኔ አይደለሁም የከለከልኩዎ።»

«የሚተኛበት አይደለም እኮ። የሚወደቅበት ነው።»

ከጎን ጠረጴዛ ያለው ሰው ቀና አለ። «ፍራሽ ላይ ሳይወድቅ የተኛ ማን አለ አባባ?» አለና ክፍሉ ሳቀ። ፈታሹም ፈገግ አለ። ባዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ እሱም ለአክብሮት ያህል ትንሽ ሳቀ።

«እንግዲያው መሣሪያ ነው» አለ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አሁን ቃል ቀየሩ አባት። ይሄ ደግሞ ይብሳል።»

ውጭ ስንወጣ ሜላት በግንቡ ተደግፋ ቆመች። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ነበር ያልኩዎ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«መሣሪያ ቢሉ ምን ይሆኑ ነበር?»

ባዬ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። «አንቺ የየት አገር ልጅ ነሽ?» አላት።

«የአዳማ።»

«ተባረኪ። እዚያው ኑሪ።»

ልጅቱ አልገባትም። እንዴት ይገባታል? ቃል እንደ ገንዘብ ነው ይላሉ፤ ከአገር አገር ምንዛሪው ይለያያል። ለእሷ መሣሪያ ማለት ዕቃ ነው፤ ማንኪያም መሣሪያ ነው፣ መጥረጊያም መሣሪያ ነው። እኛ አገር ግን ቃሉ ከሌላው ትርጉሙ ሁሉ ተራቁቶ አንዱን ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ የዚያን ስም ደግሞ ሽማግሌም ቢሆን አንሥቶ በሰላም ቤቱ አይገባም። ባዬ አልዋሸም፤ አልተሳሳተምም። በየኬላው ሲለማመደው የመጣውን መልስ፣ ያ ጥያቄ ባልተጠየቀበት ቦታ መለሰ። ፍርሃት ከሰው ሰውነት ቀድሞ ቋንቋውን ነው የሚይዘው።

ሜላት ተስፋ አልቆረጠችም። ዕቃው የመኝታ ፍራሽ አለመሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ከወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ካመጣን ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ እሞክራለሁ አለችን። ቀነ ገደብ ነበረው። ወደ ቡሬ ተመለስን። ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል ተባልን፤ ስብሰባውን ጠበቅን። ተመልሶ ሲመጣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ፈረመ። ደብዳቤው በባዬ ኪስ እያለ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም በዚያው ሰሞን ሄደ። ባዬ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ይወርድና ቆሞ ይመለሳል፤ አውቶቡሶቹ ጎማቸው ላይ አቧራ ተኝቶባቸው ተሰልፈዋል። የመንገድ ነገር ማንን ይጠይቋል? ሹፌሩን ቢጠይቁት ዘበኛውን ያሳያል፤ ዘበኛው ሰማዩን።

ኔትወርኩ በተመለሰ ዕለት የሜላት ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ተወግዷል።»

«ተወገደ ማለት?»

«ቀኑ አለፈና ቀደው አቃጠሉት። ደወልኩልዎት፤ ስልክዎ አይሠራም። ሌላው ግን ተለቋል፤ ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ጫማው ሁሉ። መንገድ ሲከፈት በኢሱዙ እልክልዎታለሁ።»

ላከችም። ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ሁለት የሚያበሩ ቋሚዎች፣ ሸራ የለበሰ ረጅም አግዳሚና አንድ ካርቶን ጫማ ቡሬ ገባ። ሽቅብ የሚያስወጣው ሁሉ ድንበሩን ተሻገረ፤ ሲወርዱ የሚቀበለው ብቻ ቀረ። ባዬ ቋሚዎቹን ሜዳው ላይ ሲተክል ሰው ተሰበሰበ። አግዳሚው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ፣ ቢጫና ጥቁር ነበር። ያምሮት አንዱን ጫማ ሞከረች፤ ልክ ሆነላት። ከሥሩ ያሉትን የብረት ጥርሶች በጣቷ ነካች።

ወሩ ጥር ነበር። በየአውድማው ጭድ ተከምሯል።

«ጋሼ» አለችው፣ «ዘንድሮ ጭዱ ብዙ ነው። አዲስ ነው። እኔው እሸከማለሁ።»

«አይሆንም።»

«ከረጢቱን በገመድ አንድ ላይ እንሰፋዋለን፤ መሀሉ እንዳይከፈት።»

«ለእናትሽ ምያለሁ።»

«የማሉት ፍራሽ ይመጣል ብለው ነው። አልመጣም።»

«ስለዚህ አትወድቂም» አለ ባዬ። በአሸዋ ላይ በመቀስ እንድትዘል አደረጋት። በመቀስ የሚዘል ሰው እግሮቹን አፈራርቆ አሻግሮ በእግሩ ይቆማል፤ አይጎዳም። ከፍ ብሎም አይሄድም። ያምሮት ታዘዘች። ጠዋትና ማታ በመቀስ ዘለለች፤ አሸዋው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ወደ ኋላዋ አግዳሚውን ታያለች። ከሥር ሆኖ ማየትና ከላይ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም፤ ይህን በፊቷ ላይ አነብ ነበር። ባዬ ያነብ እንደሆን አላውቅም። እሱ የሚያየው እግሯን ነበር፤ መቆሟን።

በመጋቢት ባዬ፣ ያምሮትና እኔ ባሕር ዳር ሄድን። በሜዳው ላይ ፍራሽ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ግን ፍራሽ። ያምሮት ሄዳ በመዳፏ ተጫነችው። መዳፏ ገባ፤ ስታነሣው ተመለሰ። እንደገና ተጫነችው።

የክለቡ አሠልጣኝ ቁመቷን ወደ ላይ ወደ ታች አይቶ፣ «በጀርባ ትችላለች?» አለ።

«እችላለሁ» አለች ያምሮት።

«አትችልም» አለ ባዬ።

ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የተናገሩት። አሠልጣኙ ሳቀ። «እንግዲህ ተስማሙና ንገሩኝ።»

ባዬ ወደ ጎን ወሰዳት። ምን እንዳላት ሰምቻለሁ። «ሁለት ወር በእግርሽ ስትቆሚ የከረምሽ፣ ዛሬ በጀርባሽ ብትሄጂ ሰውነትሽ ይደናገጣል። በመቀስ። ቃል ግቢልኝ» ነው ያላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ ግን አልታወቀም።

በመቀስ መጀመሪያዎቹን ከፍታዎች አለፈች። ሌሎቹ ልጆች በጀርባ እየተገለበጡ ፍራሹ ላይ ሲወድቁ እሷ ቆማ ትወርድ ነበር፤ ለስላሳው ላይ ሚዛኗን መጠበቅ አቅቷት ስትንገዳገድ ልጆቹ ይስቃሉ። «ይቺ ደግሞ አጥር ነው የምትዘለው» አለች አንዷ። አግዳሚው አንድ ጣት ያህል ሲነሣ የያምሮት መቀስ አለቀ። አንድ ጊዜ ጣለችው። ሁለተኛም ጣለችው። የቀራት አንድ ሙከራ ነበር።

ለሦስተኛው ስትቆም ከቀድሞ ቦታዋ ፈቀቅ አለች፤ ወደ ጎን ሰፋ አድርጋ ቆመች። በጀርባ የሚሄድ ሰው የሚነሣው ከዚያ ነው። ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎብጦ ይሮጣል። ባዬ አየና ከመቀመጫው ተነሣ። ሮጠች። እርምጃዋ ጎበጠ፤ ትከሻዋ ወደ ውስጥ ዘመም አለ። ውብ ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ልትነሣ እግሯን ስትተክል ባዬ ጠራት።

«ሰብለ» አላት።

ያምሮት ቆመች። ሰውነቷ ግን የያዘውን ፍጥነት ይዞ ሄዶ አግዳሚውን በደረቷ ገፋው። አግዳሚው ፍራሹ ላይ ወደቀ። እሷ በእግሯ እንደቆመች ነበር።

አሠልጣኙ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ወደ ማንኩሳ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ባዬ ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዳንግላን አለፍን። ከዚያ እሷ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «እኔ ያምሮት ነኝ» አለች። ባዬ፣ «አውቃለሁ» አለ።

ሀብትነሽ ልጇ ከመኪና በእግሯ ስትወርድ አይታ ወደ ባዬ ሮጠች። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «ሚካኤል ይስጥዎ» አለች። «እንደ ወሰዱልኝ መለሱልኝ። አንቱ ባለ ቃል ነዎት።» አለፈች ወይስ ወደቀች ብላ አልጠየቀችም። ጠላ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰብለ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያምሮት ወደ ጓሮ ስታልፍ ፊቷን አይታ ነገሩን አውቃለች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችው። ተቀመጠ። በዚያ ቤት ስለዚያ ቀን ሲወራ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መሬቱ ነው» አለች። «እንዴት ወደቅሽ፣ የት ላይ ወደቅሽ፣ አመመሽ ወይ። ከዚያ በፊት ምን ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሸምበቆው በላይ ነበርኩ ጋሼ። ሰማዩ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ያቺን አልረሳትም። እሷ ያቺን እንኳ አላገኘችም።»

«እግሯን አግኝታለች» አለ ባዬ።

«አዎ። ውኃ ትቀዳበታለች።»

ባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። «ለእናትሽ ምዬ ነበር።»

«ለእናቴ ነው የማሉት። እኔን አልጠየቁኝም።»

«ብጠይቅሽስ ምን ትይኝ ነበር?»

«ጭዱን አዲስ ያድርጉት እል ነበር።»

ሰብለ ይህን ትላለች። እናቲቱ ደግሞ በጓዳ እያመሰገነች ነው፤ ምስጋናዋም እውነት ነው። ስንት ዓመት ስለ ፍትሕ ሳነብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ሁለቱንም በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት ሰምቼ የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዝም ነው የምላችሁ።

ያምሮት ከጓሮ መጣች። ጫማውን አጥባው ነበር፤ ከጥርሶቹ መሀል የባሕር ዳርን አፈር በስንጥር አውጥታዋለች። ባዬ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢው እንጂ» አላት። «ሌላ ምልመላ ይኖራል።»

«የትኛው ጋሼ?»

ጥያቄው ስድብ አልነበረበትም። ያለ እንደሆነ ልታውቅ የፈለገች ነው የሚመስለው። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ደንበኛ ዞረች፤ አንድ ገበሬ ስልኩ ሞልቶ እንደሆነ ሊጠይቅ መጥቷል። ስልኩን ከእህቷ መደርደሪያ አንሥታ አብርታ አየችና ሰጠችው።

ሀብትነሽ ጠላውን አመጣች። ባዬ ተቀበለና ሳይጠጣው ያዘው። ጫማው ጭኑ ላይ ነበር፤ ውኃው በሱሪው ላይ እየወረደ፣ የቡሬ መኪና ጥሩንባ እስኪሰማ ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ።